እስከ አሥራ ሰባት የቆጠርኩት

ባለፈው ማክሰኞ ከልጅ ልጄ ጋር የተሳፈርንበት ባቡር መድረሻችን ትንሽ ሲቀረው ቆመ። ለዓይን ሐኪም ቀጠሮ ነበር የምንሄደው። ቀጠሮው የእኔ ነው። እሷ አሥራ አምስት ዓመት ስለሞላት እኔን ይዛ የምትሄድ መስሏታል፤ እኔ ደግሞ እሷን ይዤ የምሄድ መስሎኛል። «መስኮቱን አትደገፊ፣ በሩ አጠገብ አትቁሚ፣ ቦርሳሽን ወደ ፊት አዙሪው» እያልኩ ስነዘንዛት ነው ጥሩምባው የጀመረው።

ባቡር መቼም ይጮኻል። አጭር ከሆነ ከብት ነው፣ ወይ ልጆች ናቸው ብዬ ልቤን አሳርፋለሁ። ይኼኛው ግን አላቆመም። ሳላስበው መቁጠር ጀመርኩ። ዘጠኝ ላይ ስደርስ ፍሬኑ ያዘና የቆመው ሰው ሁሉ በተቀመጠው ላይ ተደገፈ። አሥራ አንድ ላይ ጥሩምባው ተቋረጠ።

«እማማ፣ እጄን ለቀቅ አድርጊው። አመመኝ እኮ» አለች የልጅ ልጄ። ጥፍሬ ገብቶባት ኖሯል።

ትንሽ ቆይቶ ወሬው ከፊተኛው ፉርጎ ወደ ኋላ እየተቀባበለ መጣ። ሰው ሐዲድ ውስጥ ገብቷል አሉ። ቀጥሎ ባቡሩ ገጭቶታል አሉ። አንዱ ሰዓቱን አየ። አንዷ ስልኳን አውጥታ፣ «አረፍዳለሁ፤ ባቡሩ ቆመ፤ እንጃ፣ አንድ ሰውዬ ነው አሉ» አለች። ከፊታችን የተቀመጠ፣ ቦርሳውን ጉልበቱ ላይ ያደረገ ጎልማሳ ደግሞ ለማንም ሳይሆን፣ «ሌላ ቀን አጣ? ዛሬውኑ?» አለ። የሳቁም ነበሩ። ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም፤ ሰው ሲደነግጥ የሚለው ይጠፋዋል። የልጅ ልጄም አብራ ፈገግ ልትል ጀመረችና ፊቴን አይታ ተወችው።

«ምን ሆንሽ?» አለችኝ።

«ሹፌሩ» አልኳት።

«ሹፌሩ ምን ይሆናል? እሱ ውስጥ ነው ያለው። ደህና ነው።»

ያን ጊዜ ልመልስላት አፌ አልታዘዝልኝ አለ። ስለዚህ ይኸው እጽፍላታለሁ። እሷ ስታነበው እኔ ጓዳ ሆኜ የሌለ ዕቃ አጥባለሁ።

አባቴ የባቡር ሹፌር ነበር። ቤታችን ሐዲዱ የሚታጠፍበት ጋ፣ ከመሻገሪያው ትንሽ ወዲህ ነው። ከጓሮ ግድግዳችን እስከ ሐዲዱ ሃያ ሁለት እርምጃ ይሆናል። እናቴ ራሷ ለክታ አሥረኛው እርምጃ ላይ አንድ ነጭ ድንጋይ አስቀምጣለች። «ከድንጋዩ ያለፍሽ ቀን እግርሽን ሰብሬ አስቀምጥሻለሁ» ትለኝ ነበር። ይህን የመጨነቅ ነገር ከእሷ ነው የወረስኩት። ልጆቼ ሲያሾፉብኝ የሚወቅሱትን ይወቁ።

መሻገሪያው ላይ አንድ ረጅም ጥሩምባ መንፋት ሕግ ነው። አባቴ ያንን ይነፋና ከቤታችን ኋላ ሲደርስ ሁለት አጭር ይጨምርበታል። ጡ፣ ጡ። እኔ አንድ ቦታ ረግቼ መቀመጥ ስለማላውቅ ፌንጣ ይሉኝ ነበር። ሁለቱ አጭር «ፌን፣ ጣ» ማለት እንደሆነ አልተጠራጠርኩም፤ ለትምህርት ቤት ልጆችም አውርቼ አስቀንቻቸዋለሁ። ለካ የሚነፋው ለእናቴ ነበር። ገባሁ፣ ውሃ ጣጂልኝ ማለቱ ነው። ይህ የገባኝ እኔም አግብቼ የሰው መምጫ እየጠበቅኩ ውሃ መጣድ ከጀመርኩ በኋላ ነው።

በእነዚያ ሁለት አጭር ጥሩምባዎች አንድ ጊዜ ከመሥሪያ ቤቱ ወረቀት ተጻፈበት። ወረቀቱን ከአባቴ ጎን የሚቀመጠው ቀጭኑ ረዳት ሹፌር ቤታችን መሃል ቆሞ፣ ሆዱን ነፍቶ፣ በአለቃቸው ድምፅ አነበበው። «ከሥራ ጋር ግንኙነት የሌለው ጥሩምባ መንፋት ክልክል መሆኑ እየታወቀ… ቢደገም ከሥራ እስከ መሰናበት የሚያደርስ…» ከዚያ ወደ እናቴ ዞረና፣ «እትዬ፣ ይኸው ከሥራ ጋር ግንኙነት የሌለሽ ነሽ ተብለሻል። በማኅተም ነው» አላት።

«አንተን ነው እንጂ እኔን ነው?» አለች እናቴ እየሳቀች። «ሥራ ላይ ሆነህ ዳቦ ስትበላ የሚያይህ የለም።»

ሁሉም ሳቁ፤ እኔ ግን አልሳቅኩም። ከወረቀቱ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ገባኝ። አባቴ ለእኔ ጥሩምባ ከነፋ ከሥራው ያስወጡታል።

ከመሻገሪያው ማዶ ልብስ ሰፊዋ ትኖር ነበር። የሰፈሩን ዩኒፎርም የምትሰፋ እሷ ናት። ሜትር ከአንገቷ አይወርድም፤ ገበያ ስትሄድም፣ ሐኪም ቤት ስትሄድም እንዳንጠለጠለችው ነው። ባሏ ቀደም ብሎ ስለሞተ አንድ ልጇን ይዛ ነው የቀረችው። ልጁ ረጅም፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ሃያ ዓመት ያልሞላው ነው። ዩኒፎርሜ ሲያልቅ የሚያመጣልኝ እሱ ነበር። ሁልጊዜ በዩኒፎርሜ ኪስ ውስጥ ክር ያለቀበት ማጠንጠኛ ደብቆልኝ፣ «እንደዚህ ያለ ከየት መጣ?» ብሎ ከእኔ እኩል ይገረማል። በዚያ ዓመት መምጣት ተወ። እናቴና ጎረቤታችን ልብስ እያሰጡ፣ «ከቤት አይወጣም አሉ»፣ «ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው አሉ የሚውለው»፣ «እናቱስ ምን ታድርግ» ሲባባሉ ሰምቻለሁ። እኔ ቀኑን ሙሉ መተኛት የሚፈቀድለት ዕድለኛ ልጅ መሰለኝ።

ስምንት ዓመት ከመንፈቄ ነበር። ከክፍል ሦስተኛ ወጥቼ ካርዴን ይዤ መጣሁ። በማግሥቱ ጠዋት አባቴ በሩ ላይ ጫማውን ሲያስር አጠገቡ ቁጢጥ አልኩና፣ «አባዬ፣ ዛሬ ረጅሙን ንፋልኝ» አልኩት።

«ረጅሙ የሕግ ነው። የቤት አይደለም።»

«ሦስተኛ ወጥቼም?»

«አንደኛ ብትሆኚ እንነጋገር ነበር» አለና አፍንጫዬን በሁለት ጣቱ ያዝ አደረገው። «እስቲ እናያለን።»

«እስቲ እናያለን» በልጅ ቋንቋ እሺ ማለት ነው።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ ጓሮ ግድግዳው ላይ ወጥቼ ካርዴን ይዤ ተቀመጥኩ። እናቴ ከታች ልብስ ታጥባለች። መሻገሪያው ከእኛ ጓሮ አይታይም፤ የአንድ መጋዘን ግንብ ይጋርደዋል። ጥሩምባው ተነሣ። እንደ ወትሮው አንድ ረጅም ነው ብዬ ጠበቅኩ። አላቆመም። ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደ። ልቤ በደስታ ልትወጣ ደረሰች። ለእኔ ነው ብዬ በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ፤ ጣቶቼ አለቁና የእግሬን ጨመርኩ። አሥራ ሰባት ላይ ቆመ። ከዚያ ብረት ከብረት ጋር ሲፋጭ የሚወጣ፣ ጥርስ የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ መጣ። ባቡሩ ከግንቡ ጀርባ ብቅ ሲል ካርዴን ከፍ አድርጌ አውለበለብኩ። አባቴ በመስኮቱ ይታየኛል። ወደ እኔ አልዞረም። ፊቱ አመድ መስሏል። ባቡሩ እየተጎተተ አልፎኝ ሄደና፣ ከቤታችን ትንሽ ዝቅ ብሎ ቆመ።

አባቴ ለእኔ ሲል ባቡር ያቆመ መሰለኝ። ሙሉ ባቡር፣ ከነሰዉ።

ከግድግዳው ዘልዬ ልሮጥ ስል እናቴ በእርጥብ እጇ ከኋላ ያዘችኝ። ፊቴን ወደ ሆዷ አድርጋ፣ ጆሮዬን በሁለት እጇ ደፍና ጨብጣ አስቀረችኝ። የቀሚሷ የሳሙና ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። በጣቶቿ መሃል ሰዎች ወደ መሻገሪያው ሲሮጡ፣ አንድ የሴት ጩኸት ሲወጣና ሲቆም፣ እንደገና ሲወጣ ሰማሁ። ተሳፋሪዎች ወርደው አጥራችን ሥር ቆሙ። አንዲት እናት ለሕፃን ውሃ ለመነች፤ እናቴ እኔን ሳትለቅ በአንድ እጇ ቀድታ ሰጠቻት። ኮት የለበሰ ሰውዬ፣ «እንደው መቼ ይሄዳል ይሉናል?» ብሎ እናቴን ጠየቃት። እናቴ አየችውና፣ «ባለቤቴ ነው የሚነዳው» አለችው። ሰውዬው ባርኔጣውን አወለቀ።

አባቴ የመጣው ከሌላው ቀን ቀድሞ፣ በእግሩ፣ ከረዳቱ ጋር ነው። ማንም ውሃ አልጣደለትም። ቀጥ ብሎ ወደ ቧንቧው ሄዶ እጁን ታጠበ። ንጹሕ እጅ ነው፤ ቅባት እንኳ የለበትም። ሳሙናውን አስቀምጦ እንደገና አነሣው። ከዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሁለት እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አደረገ፣ የእሱ ያልሆኑ ዕቃዎች ይመስል። ረዳቱ ሻይ ይዞ አጠገቡ ቆመ። ቀልድ የማያልቅበት ሰው ያን ቀን አንድም አልወጣውም።

እኔ ከደስታዬ የተነሣ ምስጢር መጠበቅ አልቻልኩም። ጠጋ ብዬ፣ «አባዬ፣ ሰማሁህ» አልኩት። «ረጅሙን ነፋህልኝ። አሥራ ሰባት ቆጠርኩ።»

ረዳቱ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ሲያኖር ሻዩ ፈሰሰ።

አባቴ ቀስ ብሎ አየኝ። «አሥራ ሰባት?» አለኝ።

«አዎ። በእግሬ ጣት ጨምሬ።»

ራሴን ዳሰሰኝና፣ «ጎበዝ» አለ። ቃሉ ከወጣ በኋላም ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። አሁን ሳስበው ይቆጥር ነበር።

የልብስ ሰፊዋ ልጅ ሞተ ብለው የነገሩኝ በማግሥቱ ነው። እንዴት እንደሞተ አልነገሩኝም፤ እኔም ከጥሩምባው ጋር አላገናኘሁትም። የታመመ ሰው ይሞታል። እሱ ደግሞ ተኝቶ ነበር የከረመው።

ከዚያ አባቴ ለሦስት ቀን ከቤት አልወጣም። በአራተኛው ቀን ጠዋት ከመኝታ ቤቱ በር አጠገብ ቆሜ የሰማሁት ይህን ነው።

«የሚጠይቁህ ጥሩምባውን ነው?» አለች እናቴ።

«ጥሩምባውን ነው።»

«በጥሩምባ ብቻ ከሥራ ያስወጣሉ?»

«ያስወጣሉ።»

ወረቀቱ ትዝ አለኝ። «ሦስተኛ ወጥቼ» ብዬ የለመንኩት እኔ፣ በአሥራ ሰባት ያስጠየቅኩት እኔ። ምላሴን በጥርሴ ነክሼ ጥግ ያዝኩ።

ከቀትር በፊት ከመሥሪያ ቤቱ ሁለት ሰዎች መጡ። አንደኛው መነጽር ያደረገ ተቆጣጣሪ፣ ሌላው ጸሐፊው ነው። ቀጥሎ ልብስ ሰፊዋ በእህቷ ክንድ ተደግፋ ገባች። ጥቁር ለብሳለች፤ ሜትሩ ግን ከአንገቷ አልወረደም፤ ማንም አውልቂው ሊላት አልደፈረም። እናቴ ወንበር አቀረበችላት። ከአባቴ ፊት ለፊት ተቀመጠች፤ በመካከላቸው የኛ የምግብ ጠረጴዛ ብቻ ነበር። እጆቿ ሲንቀጠቀጡ አይቼ በርዷት መሰለኝ።

ተቆጣጣሪው ፋይሉን ከፈተ። «ሁላችሁንም ማስጨነቅ አልፈልግም» አለ። «ጥያቄዋ አንድ ናት። ጥሩምባ ተነፍቷል ወይስ አልተነፋም? ረዳትዎ ነገ ቃላቸውን ይሰጣሉ፤ የመሻገሪያው ጠባቂም እንዲሁ። ዛሬ እናትየውንና እርስዎን ልስማ ብዬ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ሳትጠየቅ ጀመረች። ድምፅዋ ቀጥ ያለ ነበር፣ ስፌት ላይ ሆና የልብስ ልክ እንደምትናገር። «የልጄ ጆሮ ደህና ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ሹክ ያልኩትን ይሰማል። ጥሩምባ ቢነፋ ኖሮ ይሰማ ነበር። ቢሰማ ኖሮ ዘወር ይል ነበር። ዘወር አላለም። እንግዲያው አልተነፋም።»

ደገመችው፣ ወደ አባቴ ጎንበስ ብላ። «አልነፋህም። ንገራቸው። አልነፋህም አይደል?»

እኔ እዚያ ጥግ ቆሜ ልብስ ሰፊዋን ወደድኳት። አባቴን ከሥራ እንዳያስወጡት ልትረዳው የመጣች መሰለኝ። በሐዘኗ ላይ ተነሥታ፣ ይህን ሁሉ መንገድ መጥታ፣ አልነፋም ብላ እየመሰከረችለት ነው። አባቴ ግን ዝም አለ። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። እውነቱን ሊናገር ነው፣ ራሱን ሊያስወጣ ነው ብዬ ፈራሁ።

ከጥጌ ወጣሁና፣ «እውነቷን ነው» አልኩ። «አባዬ አልነፋም። እኔ ግድግዳው ላይ ነበርኩ። ምንም አልሰማሁም።»

እናቴ፣ «አንቺ ልጅ» ብላ ተነሣች። አባቴ እጁን ብቻ አንሥቶ አስቀመጣት።

ተቆጣጣሪው መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አወረደና በላዩ አየኝ። «ግድግዳው ላይ ነበርሽ?»

«አዎ።»

«ሁልጊዜ እዚያ ትሆኛለሽ?»

«ሁልጊዜ። ሲነፋ እሰማለሁ። ያን ቀን አልነፋም።» ከዚያም፣ እንዲያምነኝ ብዬ፣ «ጎበዝ ተማሪ ነኝ። ሦስተኛ ነው የወጣሁት» አልኩ።

ጸሐፊው ሳቁን በሳል ሸፈነው። ያን ጊዜ ልብስ ሰፊዋ አንድ ነገር አደረገች። ለአራት ቀን ይዛው የቆየችው የሚመስል ትንፋሽ አወጣችና የወንበሩን መደገፊያ ተደገፈች። እህቷ የወደቀች መስሏት ያዘቻት። አልወደቀችም። ዓይኗን ጨፍና ነበር። እጆቿ መንቀጥቀጥ አቆሙ።

አባቴ ያንን አየ። እሷን አየ፤ ቀጥሎ እኔን። ዓይኑን ከእኔ አላነሣም። የተቆጣ መስሎኝ ነበር፤ የቁጣ ፊት አልነበረም።

«እህሳ» አለ ተቆጣጣሪው። «ልጅዎ የምትለውን ሰምተዋል። ምን ይላሉ?»

«ልጄ ውሸት አታውቅም» አለ አባቴ።

ጸሐፊው ጻፈ።

ከሥራ አላስወጡትም። ከባቡር አውርደው ወደ ጥገና ክፍል መደቡት። ከዚያ በኋላ በየቀኑ በሰዓቱ ይመጣል፤ እጁ እውነተኛ ቅባት ይዞ። እኔ አባቴን አዳንኩት አልኩ። ይህን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አምኜበት ኖሬያለሁ፤ ለማንም ሳላወራ፣ እንደ መልካም ሥራ። ልብስ ሰፊዋ ከወር በኋላ ጠራችኝና ሳትለካኝ፣ በዓይኗ ብቻ ገምታ ሰማያዊ ቀሚስ ሰፋችልኝ። «እውነት ለተናገረች ልጅ» አለችኝ። እስኪያጥረኝ ለበስኩት።

አንዳንድ ነገር ግን አልገባ ይለኝ ነበር። አባቴ በበዓልም ሆነ በዕረፍት ቀን ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ከጓሮ ወደ ፊት ለፊት በር ይሄዳል፤ ለባቡሩ ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል። ባቡሩ ናፍቆት፣ ማየት አሞት ነው እል ነበር። የሚነዳው አዲሱ ሹፌር ሕግ አክባሪ ነው፤ አንድ ረጅም ብቻ ነፍቶ ያልፋል። ሁለቱ አጭር ከዚያ ቀን በኋላ በሰፈራችን አልተሰሙም። እናቴ ውሃ የምትጥደው ሰዓት አይታ ሆነ።

አባቴ የሞተ ጊዜ እኔ የሁለት ልጆች እናት ነበርኩ። ከቀብር መልስ ረዳቱ፣ ያን ጊዜ እሱም ጡረታ ወጥቶ ምርኩዝ ይዟል፣ የጓሮው ግድግዳ ሥር አጠገቤ ተቀመጠ። እኔ ሆዴ ባብቶ፣ «አባዬን አንድ ቀን አድኜዋለሁ፤ ታውቃለህ?» ብዬ ያንን ቀን አወራሁለት። ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር።

ሰማኝ፣ ሰማኝና፣ «ለሱ ብለሽ ነው አልነፋም ያልሽው?» አለኝ።

«እና ለምን ይመስልሃል?»

«እኛ እንዴት እንደሆነ አልገባንም ነበር እኮ። ፈርታ ነው ብለን ነበር።» ምርኩዙን አገላበጠው። «ፌንጣ፣ የሚያስጠይቀው ሹፌር ያልነፋው ነው። የነፋው አይደለም። አንድ ቃል፣ ነፍቻለሁ ቢል ኖሮ በማግሥቱ ወንበሩ ላይ ነበር።»

ያን ቀን የተቀመጥኩበትን የግድግዳ አናት ቀና ብዬ አየሁ።

«በማግሥቱ እኔና ጋሽ ደቂቃ ልንመሰክር ተሰናድተናል» አለ። ጋሽ ደቂቃ የመሻገሪያው ጠባቂ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት አንድ ደቂቃ ስላላሳለፉ ነው ስሙ የወጣላቸው። «አባትሽ ጠዋት መጥቶ መሻገሪያው ላይ ለመነን። ‹ተዉት› አለን። ‹እናትየዋ ትላንት ነው እህል የቀመሰችው። ነፍቻለሁ ካልኩ ልጅሽ ሰምቶ ቆሞ ቀረ ማለቴ ነው። ይህን የምላት እኔ አልሆንም› አለ። እኔም በሞተሩ ድምፅ ጆሮዬ ተይዞ ነበር ብዬ ፈረምኩ። ጋሽ ደቂቃ ምን አሉ መሰለሽ? ‹ሰዓቴ ቆሞብኝ፣ ሳስተካክል አላስተዋልኩም።› እሳቸው። ሰዓታቸው ቆሞ።»

«ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶት የለም እንዴ?»

«ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ማንም ግን ሰማሁ አላለም።»

«እሷስ?» አልኩት። «የእሷ ቤት ከመሻገሪያው ስንት እርምጃ ነው?»

ረዳቱ ወደ ሐዲዱ አየ። «እሱን አትጠይቂኝ» አለ።

ከዚያ ሊያጽናናኝ ይሁን እውነቱን ይሁን አላውቅም፣ «ወንበሩን ቢመልሱለትም አይነዳም ነበር» አለኝ። «አንዴ ለሙከራ ወጥቶ ነበር። እጁ ጥሩምባው ጋ ሲደርስ አይታዘዝም።» እኔ ይህን አምኜም ሳላምንም ሸምግያለሁ። ልጆቼን መንገድ ሳሻግር፣ የልጅ ልጄን ጣቢያ ድረስ ስሸኝ፣ ከመስመሩ ራቂ ስላት፣ የምፈራው የእሷን መውደቅ ብቻ አይደለም። ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚያይ ሰው እንዳለ ስለማውቅ ነው።

ወደ ማክሰኞው ልመለስ። አንድ ሰዓት ያህል ከቆምን በኋላ የባቡር ሠራተኞች መጥተው ከፊተኛው በር ወርደን እስከ ጣቢያው በእግር እንድንሄድ ነገሩን። በአንድ በኩል ብቻ አሳለፉን፤ ሌላውን ጎን ሸፍነውታል። የልጅ ልጄ ክንዴን ይዛ በጠጠሩ ላይ ቀስ እያልን ሄድን። ከባቡሩ አፍንጫ አለፍ ብሎ፣ አንድ የሲሚንቶ ብሎኬት ላይ፣ ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ እግር ሰው ተቀምጧል። አጠገቡ አንዲት ሠራተኛ የውሃ ጠርሙስ ይዛ ቆማለች። ውሃውን አልተቀበላትም። ሁለት እጆቹ ጉልበቶቹ ላይ ናቸው። የእሱ አይመስሉም።

ሰው ሁሉ እያየው፣ እንዳላየ እየሆነ ያልፋል። የልጅ ልጄ፣ «እማማ ነይ፣ አትቁሚ፤ ያፍራል» አለችኝ በሹክሹክታ። እኔ ግን ቆምኩ።

«ልጄ» አልኩት።

ቀና አለ።

«ነፍተሃል» አልኩት። «አራተኛው ፉርጎ ውስጥ ነበርኩ። አሥራ አንድ ድረስ ቆጥሬያለሁ። አንድ ቀን የሚጠይቅህ ሰው ቢመጣ፣ እኔ ሰምቻለሁ።»

አተኩሮ አየኝ። «አሥራ አንድ?» አለ።

«አሥራ አንድ። የቻልከውን ሁሉ ነፍተሃል።»

አንድ እጁን ከጉልበቱ ላይ አንሥቶ ውሃውን ተቀበለ። የልጅ ልጄ ሳልነግራት ከቦርሳዋ ደብተር አውጥታ፣ ገጽ ቀድዳ፣ ስሜንና ስልኬን ጻፈችና ለሴትየዋ ሰጠቻት። ከኋላችን የቆመው ባለ ቦርሳው ጎልማሳ ነበር። ለካ ሲሰማን ቆይቷል። ጉሮሮውን ጠረገና፣ «የእኔንም ጨምሪበት» አላት።

የዓይን ቀጠሮዬ አለፈ። ሌላ ሰጥተውኛል። የልጅ ልጄ ማታ ምንም አልጠየቀችኝም፤ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስትወጣ ግን ሳልነግራት ቦርሳዋን ወደ ፊት አዞረችው።

ልብስ ሰፊዋ ከሞተች ቆይቷል። አባቴም፣ ጋሽ ደቂቃም፣ ረዳቱም የሉም። አሁን ብናገር የሚጎዳ ሰው የለም። እነሆ ቃሌን አስተካክላለሁ። ያን ቀን ከዘጠኝ ሰዓት ትንሽ ቀደም ብሎ ግድግዳው ላይ ነበርኩ። አባቴ ነፍቷል። አሥራ ሰባት ድረስ ነፍቷል። ሰምቻለሁ።